የወረዳ ሂሳብ ወደ ኮምፒዩተር መረብ ሲሻገር መዋቅሩ ይቅደም

በምዕራብ ጎጃም ዞን ቀደም ሲል "ቡሬ ወምበርማ" በሚል ስያሜ ይታወቅ የነበረው ወረዳ ለሁለት ተከፍሎ፣ ቡሬና ወምበርማ ራሳቸውን የቻሉ ወረዳዎች ሆነዋል። የቡሬ ከተማም የራሱ አስተዳደር አለው። ለነዋሪው ይህ አገልግሎትን የሚያቀርብ የአስተዳደር ለውጥ ነው። ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። ወረዳ ሲከፈል የባንክ ሂሳቡ፣ ያልተወራረደው የሠራተኛ ቅድሚያ ክፍያና ለአቅራቢ ያልተከፈለው ዕዳ በማን መዝገብ ይቀመጣል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች ሂሳባቸውን በኢንተርኔት አማካይነት ከሩቅ ማዕከል ወደሚሠሩ፣ በተለምዶ "ክላውድ" ወደሚባሉ ሶፍትዌሮች ሲያሸጋግሩ በቅድሚያ መመለስ ያለባቸው ይኸው ጥያቄ ነው። የመዋቅሩ ጉዳይ ከሶፍትዌሩ ምርጫ ይቀድማል።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከባዶ አትነሳም። በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ሥር በተካሄደው የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ማሻሻያ፣ ነጠላ የሂሳብ አመዘጋገብ በሁለትዮሽ አመዘጋገብና በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት ተተክቷል። በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. በጀት የማስተዳደር ሥልጣን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል ወደ ወረዳዎች ሲወርድ ማሻሻያው ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። ለሥራው "አይቤክስ" የተባለው የበጀትና የወጪ ሶፍትዌር ተዘጋጅቶ እስከ ወረዳ ድረስ ዘልቋል። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ በኦራክል ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተው የተቀናጀ የፋይናንስ አስተዳደር መረጃ ሥርዓት (ኢፍሚስ) በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሥራ ላይ መዋል ጀምሯል።

የማሻሻያው ዋነኛ ውጤት ወጥ የሆነው የሂሳብ መደብ ነው። በወጪ በኩል የ6100 ተከታታይ መደብ ለሰብዓዊ አገልግሎት፣ 6200 ለዕቃዎችና አገልግሎቶች፣ 6300 ለቋሚ ንብረትና ግንባታ፣ 6400 ለሌሎች ክፍያዎች ተመድበዋል። በ6111 የሚመዘገበው የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ በቡሬም ሆነ በአዲስ አበባ ትርጉሙ አንድ ነው። የክልልና የአገር ሂሳብ ሊደመር የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግር የሚፈጠረው ይህ ሥርዓት ሲዛባ ነው። በአንድ ኮድ ውስጥ "ማን"፣ "ምን" እና "ከየት" የሚሉ ጥያቄዎች በአንድነት ሲታጨቁ፣ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ነዳጅ አንድ መደብ፣ ለጤና ጽሕፈት ቤት ነዳጅ ሌላ መደብ መክፈት ይከተላል። የመደቡ ዝርዝር ይበዛል፤ ሪፖርቱም አይነጻጸርም። ትክክለኛው አካሄድ ወጪ አድራጊውን መሥሪያ ቤት፣ የወጪውን ዓይነት፣ የገንዘቡን ምንጭና ፕሮግራሙን ወይም ፕሮጀክቱን በየራሳቸው የኮድ ክፍል ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ወረዳ ለሁለት ሲከፈል "ማን" በሚለው ክፍል አንድ ቁጥር ይጨመራል፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቀጥላል።

ሁለተኛው ጉዳይ መዝገቡ የማን ነው የሚለው ነው። በወረዳ ደረጃ የበርካታ ጽሕፈት ቤቶች ክፍያና ሂሳብ በአንድ ማዕከል፣ ማለትም በፑል አሠራር ሊከናወን ይችላል። በዚህ አሠራር የባንክ ሂሳቡና ዕዳው የወረዳው ሲሆኑ፣ ጽሕፈት ቤቶቹ በጀት ተጠቃሚዎች ናቸው። አዲሱ ሶፍትዌር ሲዋቀር እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ዴቢትና ክሬዲቱን ለብቻው የሚያመዛዝን አካል ተደርጎ ከተመዘገበ፣ ፑሉ በከፈለ ቁጥር በጽሕፈት ቤቶች መካከል ተሰብሳቢና ተከፋይ ሂሳብ ይፈጠራል። በእውኑ ዓለም የሌለ ዕዳ በመዝገብ ላይ ይከማቻል፤ ሂሳብ ሹሙም ያንን ሲያቻችል ይከርማል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። በውጭ አገር የተሠሩ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው ለ12 ወር የተሰናዱ ናቸው። ጳጉሜን ግን በሩብ ዓመቱ መካከል ትገባለች። ከነሐሴ ጋር ትጠቃለል ወይስ ራሷን የቻለች ወቅት ትሁን የሚለው አስቀድሞ ካልተወሰነ የየወሩ ሪፖርት አይገጣጠምም። የበጀት ዓመቱ ከማብቃቱ በፊት ለቀረበ ዕቃና አገልግሎት ክፍያ የሚፈጸምበት የ30 ቀን የእፎይታ ጊዜም በሥርዓቱ ውስጥ የተለየ የመዝጊያ ወቅት ይፈልጋል። ይህ ካልሆነ የሰኔ ወጪ በአዲሱ ዓመት በጀት ላይ ይወድቃል።

እነዚህ ውሳኔዎች ክብደት ያላቸው ኋላ ለማረም አስቸጋሪ በመሆናቸው ነው። በእንዲህ ዓይነት ሶፍትዌሮች የሂሳብ መደቡ አወቃቀር፣ የዘመን አቆጣጠሩና የመዝገቡ ገንዘብ የመጀመሪያው ወቅት ተከፍቶ ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ እንደ ቀላል አይለወጡም። ስህተት ከተገኘ አዲስ መዝገብ ከፍቶ ሂሳቡን ማዛወር ግድ ይላል። መነሻ ሒሳቡም እንዲሁ ነው። ለዓመታት ሳይወራረድ የቆየ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጣራ ከገባ፣ ዘመናዊው ሥርዓት አሮጌውን ጉድለት በአዲስ ገጽታ ይወርሳል።

የመሠረተ ልማቱ ሁኔታም ከግምት መግባት ይኖርበታል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት የጸጥታ ችግር ከተከሰተ በኋላ የኢንተርኔት አገልግሎት መቋረጥ ማጋጠሙ፣ መረብ በሌለበት ቀን ደመወዝና አስቸኳይ ክፍያ የሚፈጸምበት የተጻፈ አሠራር እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። በእጅ የተመዘገበው ሂሳብ መረቡ ሲመለስ በማን ኃላፊነትና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚገባ መመሪያው በግልጽ ሊያስቀምጠው ይገባል።

ስለሆነም የመዋቅሩ ዝግጅት ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የገንዘብ ኃላፊው፣ የበጀት ባለሙያው፣ የውስጥ ኦዲተሩና የወረዳው ሂሳብ ሹም ገና ከጅምሩ አብረው ሊቀመጡ ይገባል። ሶፍትዌሩ የሚያሰላው የተሰጠውን ነው። ወረዳው ነገ ቢከፈል፣ ቢዋሃድ ወይም አዲስ ጽሕፈት ቤት ቢጨመርበት የሕዝብ ገንዘብ ዱካ ሳይጠፋ እንዲቀጥል የሚያደርገው በመጀመሪያው ቀን የተዘረጋው መዋቅር ነው።