የተቃጠለውን ማን ይቁጠር?

ቴምቢሳ ሆስፒታል በር ላይ ደንበኛ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መሐንዲስ እንደነበርኩ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ምን እሠራ እንደነበር ግን አውርቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ለአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት የተጋጨ መኪና ጉዳት እገምት ነበር። ደንበኛው ካሳ ሲጠይቅ ጋራዥ ሄጄ መኪናውን አያለሁ፣ የሚጠገነውንና የሚለወጠውን ለይቼ እጽፋለሁ፣ የጋራዦቹን ዋጋ አወዳድራለሁ። የድሮ ጉዳት ከአዲሱ ጋር ተደርቦ ሲመጣ ዝገቱ ይናገራል። የትናንት ግጭት ብረቱ ገና ያበራል።

ሰው ይጠላን ነበር፤ ምክንያትም ነበረው። አንድ ቀን አለቃዬ «ቀንስ» አለኝና መለወጥ የነበረበትን በር «ተቀጥቅጦ ይቃናል» ብዬ ፈረምኩ። የሚኒባስ በር ነበር። ሰውየው እንጀራው በዚያ በር ነበር የሚገባው። ዛሬ እኔም ሾፌር ሆኜ በሬን በዘጋሁ ቁጥር ያ ፊርማ ትዝ ይለኛል።

ቢሆንም ከዚያ ሥራ የያዝኩት አንድ እውነት አለ። የሚቆጥር ሰው በሌለበት የሚጠቀመው ድሃው አይደለም፣ አፈኛው ነው።

ወደ እኛው ሰፈር ልምጣ። ባለፈው ክረምት (የዚህ አገር ክረምት ማለቴ ነው) የሁለት ልጆቻችን ሱቅ በአንድ ሌሊት ተቃጠለ። ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። እንደምታውቁት ብዙዎቻችን የለንም፤ ወረቀቱ አልተሟላም፣ ሱቁ በሌላ ሰው ስም ነው፣ ወይም ወርሃዊ አረቦኑ ይከብደናል። ያለውም ቢሆን ይጠንቀቅ። እዚህ አገር ተራው የንብረት ኢንሹራንስ በሁከት የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። እሱን የሚሸፍነው ከሶዌቶ አመጽ በኋላ በ1979 የተቋቋመው የመንግሥቱ ሳስሪያ ነው። ሳስሪያ ደግሞ ለብቻው አይገዛም፣ በሌላ ፖሊሲ ላይ ነው የሚጨመረው። በሐምሌ 2021 ሁከት ከ30 ቢሊዮን ራንድ በላይ ካሳ ተጠይቋል። ፖሊሲ ያልነበረው ትንሽ ሱቅ ግን ከዚያ ውስጥ ምንም ድርሻ አልነበረውም።

ስለዚህ የእኛ ኢንሹራንስ መዋጮ ነው። ለሁለቱ ልጆችም አዋጣን። እኔም ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ነበርኩ። አንደኛው ዘመድ ወዳጁን አሰልፎ መጣና «180 ሺህ ራንድ ወደመብኝ» አለ። ሁለተኛው አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ አለ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አይደል የሚባለው? ለመጀመሪያው ሁለት እጅ ሰጠነው፣ ለዝምተኛው አንድ እጅ።

ከወር በኋላ ዝምተኛውን በታክሲዬ ይዤው ስሄድ ከጅምላ ሻጩ በዱቤ የወሰደበትን ወረቀት አሳየኝ። የእሱ ኪሳራ ከሌላኛው ይበልጥ ነበር፤ ዕዳውንም ገና እየከፈለ ነው። ያኛውን ሱቅ ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ዕቃ አመላልሼለታለሁ። ሁለት ፍሪጅና አንድ ግድግዳ መደርደሪያ ነበር። 180 ሺህ አይገባበትም። አሥር ደቂቃ ቁጭ ብዬ ብቆጥር ይገባኝ ነበር። ሥራዬ የነበረውን ነገር ይሉኝታ ይዞኝ ተውኩት።

«ሱቁ የተቃጠለበትን ሰው ደረሰኝ አምጣ ማለት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዚያ ሌሊት አዎ፣ ነው። በዚያ ሌሊት ብርድ ልብስና ምግብ ነው የሚሰጠው፣ ማንም ምንም አይጠየቅም። ገንዘቡ ሲከፋፈል ግን መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። አለመጠየቅ ነው ዝምተኛውን የጎዳው። የሚያዋጣውም ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እጁን የሚሰበስበው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሐሳቤ ይኸው። መዋጮ ሲጀመር ከተጎጂው ጋር ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች ይመረጡ። ቦታው ሳይጠረግ ሄደው ያዩ፣ ፎቶ ያንሱ። ፍሪጅ ቢቃጠልም ብረቱ ይቀራል፣ መደርደሪያም ይቆጠራል። ጅምላ ሻጩ ጋ ሄደው የመጨረሻውን ወር ግዢ ይጠይቁ። ዱቤውንም ይመዝግቡ፤ የተቃጠለው ዕቃ ያልተከፈለበት ከሆነ ሰውየው ከዜሮ በታች ነው ያለው። ካልበቃ ደግሞ ለሁሉም በኪሳራው ልክ ይካፈል። 100 የጠፋበት 40 ካገኘ፣ 50 የጠፋበት 20 ያግኝ።

ባለሱቆች፣ ለእናንተም አንድ ነገር ልበል። ደረሰኛችሁን ካዝናው ሥር ታስቀምጣላችሁ፤ ሱቁ ሲነድ እሱም አብሮ ይነዳል። በየወሩ መደርደሪያችሁንና ደረሰኛችሁን ፎቶ አንስታችሁ ሌላ ከተማ ላለ ወንድም ወይም እህት ላኩ። ኢንሹራንስ መግባት የቻላችሁ ደግሞ የዕቃችሁን ሙሉ ዋጋ አስመዝግቡ። የ200 ሺህ ዕቃ 100 ሺህ ነው ብላችሁ አረቦን ብትቆጥቡ፣ የ60 ሺህ ዕቃ ሲጠፋ ገማቹ 30 ሺህ ነው የሚጽፍላችሁ። ሌባ ስለሆነ አይደለም፣ ግማሹን ብቻ ስላስመዘገባችሁ ነው።

ለዝምተኛው ልጅ የጎደለውን ለመሙላት አንዳንዶቻችን እንደገና ጀምረናል። ይህን ጊዜ ወረቀቱን አይቼ፣ ቆጥሬ ነው። የማትስማሙ ከታች ጻፉልኝ፣ ስድብ ካልሆነ ሁሉንም አነባለሁ። ደንበኛዬ መጣች፣ ልሂድ። ሰላም ዋሉ።