በአንድ ማሊያ ማርጀት ሞኝነት ነውን?

«አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ክለብ? ሌላ የሚፈልገው አጥቶ ነው እንጂ!» የሚል የስፖርት አዋቂ ነኝ ባይ በየሻይ ቤቱ አይጠፋም። ለእሱ ተጫዋች እንደ ሰንጋ በተሸጠበት ዋጋ የሚመዘን ነው። ያልተሸጠ ሁሉ ዋጋ የለውም። እኔ ግን ሚዛኑ ሰባራ ነው እላለሁ። ምስክሬም ብዙዎቻችን በማናውቀው የራግቢ ጨዋታ ጉልበቱን የጨረሰ አንድ አጭር ሰው ነው።

ሊድስ ሲባል ትዝ የሚለን የእግር ኳሱ ቡድን ነው። ከተማዋ ግን በአሥራ ሦስት ተጫዋች የሚደረገው የራግቢ ሊግም አገር ናት። ሮብ ባሮው ለሊድስ ራይኖስ ከ2001 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ተሰልፏል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ነበር። መቶ ኪሎ በሚመዝኑ ጎረምሶች መካከል «ይህ ልጅ ይሰበራል» ተብሎለታል። አልተሰበረም። ከ490 በላይ ጨዋታ አድርጎ ስምንት ጊዜ የሱፐር ሊግ ዋንጫ አነሣ። በ2011 የፍጻሜ ጨዋታ ኮከብ ተጫዋች ሲመረጥ መራጮቹ ሁሉ ድምፃቸውን የሰጡት ለእሱ ነበር።

ጫማውን በሰቀለ በሁለት ዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2019፣ ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች እየገደለ ሰውነትን የሚያሽመደምድ በሽታ እንደያዘው ተነገረው። መድኃኒት የለውም። ያ እንደ ጥይት የሚፈተለክ ሰው መራመድም መናገርም ተሳነው።

አሁን ሚዛኑን አምጡት! ለዓመታት አምበሉ የነበረው ኬቨን ሲንፊልድ በታኅሣሥ 2020 በሰባት ቀን ሰባት ማራቶን ሮጠ፤ ሰባት ቁጥር የባሮው ማሊያ ነበርና። ከሁለት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። በግንቦት 2023 ደግሞ ወዳጁን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ የሊድስን ማራቶን ሮጠ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስም አቅፎ አሻገረው። ይህን ወንድምነት በየትኛው የዝውውር ገበያ፣ በስንት ይገዙታል? አንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ አብሮ በማደግ፣ አብሮ በመሸነፍና አብሮ በማሸነፍ የተገኘ ነው። ባሮው ሰኔ 2 ቀን 2024 በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

«የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ድኻ ወላጅ ያለው ልጅ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ቢሄድ ምን ያስወቅሰዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ምንም አያስወቅሰውም። የምከሰው የሄደውን ሳይሆን የቀረውን ሞኝ የሚለውን ነው።

ሌላም የምከሰው አለ። ታማኝነትን ከተጫዋቹ ብቻ የሚጠብቀውን! ተጫዋቹ ለማሊያው ታመነ ብለን እናጨበጭባለን። ማሊያውስ ለተጫዋቹ? የታመመ ሰው ዕጣ በወዳጁ እግር ላይ መንጠልጠል አለበትን? ሲንፊልድን የመሰለ ወዳጅ ያልታደለውስ? ለእሱ የሚሮጥለት ማን ነው? ወዳጅነት ማዕረግ ነው፤ ጡረታና ሕክምና ግን ግዴታ ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

እኛስ? ልጅነታችንን በእልልታ የሞሉልንን፣ ለአንድ ክለብ ጉልበታቸውን የጨረሱትን ስማቸውን እንጠራለን። ሲታመሙ ግን ደጃቸውን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ይህን ሳንመልስ «ለምን ቀረ? ለምን ሄደ?» ብለን የመጠየቅ መብት ያለን አይመስለኝም።