ስለ አሮጌ የጀልባ ሞተር ዘይትና ስለ ሻጩ ኃላፊነት

በየካ ክፍለ ከተማ ሐይቅ የለም። ይሁን እንጂ ከሾላ ገበያ አንሥቶ እስከ ኮተቤ ድረስ የሞተር ዘይት ደርድሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ሁሉ፥ ዕቃው በጣና ሐይቅ ላይ መንገደኛ በሚያመላልስ ጀልባ ሞተር ውስጥ፥ ወይም በእንጦጦ ዳገት ባሕር ዛፍ በሚቆርጥ የሞተር መጋዝ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል። ሁለቱ መሣሪያዎች በሥራ ቢለያዩም በአሠራር ወንድማማች ናቸው፤ አሮጌው የጀልባ ሞተርና መጋዙ ባለ ሁለት ምት ናቸውና።

እንደዚህ ያለው ሞተር እንደ አውቶሞቢል ሞተር ከሥሩ የዘይት ማጠራቀሚያ የለውም። ፒስቶኑንና ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል፥ ከቤንዚኑም ጋር ተቃጥሎ ይወጣል። ስለዚህ የሞተሩ ዕድሜ የሚወሰነው በመስፈሪያው ነው። 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ለሚጠይቅ ሞተር፥ በ20 ሊትር ቤንዚን ላይ 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል፤ 25 ለ1 ለሚጠይቀው አሮጌ ሞተር ግን 800 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ዘይቱ ሲያንስ ፒስቶኑ ተቧጥጦ በመጨረሻ ይጣበቃል፤ ሲበዛ ደግሞ ካንዴላው በጥላሸት ይደፈናል።

መጠኑ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ሊታወቅ ይገባል። የጀልባው ሞተር በሐይቁ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ፥ «ቲ.ሲ.-ደብልዩ 3» የሚል ምልክት ያለው አመድ የማይተው ዘይት ተዘጋጅቶለታል። መጋዙ ግን በአየር ብቻ ስለሚቀዘቅዝና ሙቀቱ ስለሚበረታ፥ «ጃሶ ኤፍ.ዲ.» የሚል ምልክት ያለው ዘይት ይስማማዋል። የመኪና ዘይት ለሁለቱም አይሆንም። ከዚህም ሌላ እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ሲያልፍ፥ ጣና በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ሞተር ቢያጨስና ጉልበት ቢያንሰው፥ መድኃኒቱ ካርቡራቶሩን ማስተካከል እንጂ ዘይቱን መቀነስ አይደለም።

የቀረው ጥበቃ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በፕሮፔለሩ በኩል ያለው የማርሽ ዘይት ሲፈተሽ ወተት ከመሰለ፥ በተበላ ጎማ በኩል ውሃ መግባቱን ያስረዳል። አዲሱ ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ ተሞልቶ በላይኛው እስኪፈስ ድረስ ይጨመራል፤ አየር የሚወጣው በዚህ መንገድ ብቻ ነውና። የውሃ ፓምፑን የጎማ ክንፍ በጊዜው መለወጥ፥ መሪው የሚዞርበትን ቦታ ግራሶ መቀባት፥ ሞተሩ ለብዙ ጊዜ ሲቆምም በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን መጨረስ ይገባል። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» የተባለው ምክር ለሞተርም ይሠራል።

ዛሬ ይህ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። የኖርዌይ ተወላጅ የሆነው ኦሌ ኤቪንሩድ በአሜሪካ አገር በሚልዋኪ ከተማ የጀልባ ሞተር ለገበያ ያቀረበው በ1909 እ.ኤ.አ. ነበር። ስሙን የያዙትን ሞተሮች ይሠራ የነበረው ቢ.አር.ፒ. የተባለው የካናዳ ኩባንያ ግን በ2020 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቆመ። በአገራችንም በ1986 እ.ኤ.አ. በጣና የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ ከገቡ ወዲህ፥ የብዙ ዓሣ አስጋሪ እንጀራ በሞተር ላይ ተመሥርቷል። አሮጌውን በአዲስ ለመተካት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ያለውን ለመጠበቅ ግን ትክክለኛ ዘይትና ጥቂት ጎማ ይበቃል።

«ገዢው የሚጠይቀው ዋጋ እንጂ ምልክት አይደለም፤ ርካሹ ቶሎ ይሸጣል» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። በእርግጥ ርካሹ ዘይት ቶሎ ይሸጥ ይሆናል፤ ሞተሩ የተጣበቀበት ደንበኛ ግን ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚነሣበት የጣና ሐይቅ ላይ፥ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ወደ ዘጌ መንገደኛ የጫነ ጀልባ ሞተሩ ቢቆም፥ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እንግዲህ አስመጪው ሲያዝ ሁለቱን የዘይት ዓይነቶች ለይቶ ይዘዝ፤ በቆርቆሮውም ላይ የአገልግሎቱንና የመጠኑን ማብራሪያ በአማርኛ ይለጥፍ። ባለሱቁም ከዘይቱ ጋር መስፈሪያ ይሽጥ፥ «ለየትኛው ሞተር ነው?» ብሎም ሳይጠይቅ ቆርቆሮ አያስረክብ። ዕቃውን ከነዕውቀቱ የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉም ይሰነብታል፥ ስሙም ይከበራል።