የሁለት በግ ዋጋ ወረቀት

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ የአክስቴ ልጅ ከእንጭኒ በቴሌግራም የላቦራቶሪ ወረቀት ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ፖዘቲቭ ይላል። አለቀልኝ ማለት ነው?» ብሎ ጽፏል።

ልጁ 22 ዓመቱ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሦስት ወር ሙሉ ሲያመላልሰው ከርሟል። «አሜባ ነው» እየተባለ ሦስት ጊዜ ሜትሮኒዳዞል ዋጠ። ሻል ይለዋል፣ ደግሞ ይነሳበታል። በመጨረሻ እናቱ ሁለት በግ ሸጣ በሆለታ በኩል አዲስ አበባ ላከችው። እሱም ጓደኛው ከኢንተርኔት አይቶ የነገረውን የደም ምርመራ አሠራ። «ፒ-አንካ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ተሰጠው። አንድ ግሩፕ ላይ ሲለጥፈው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልስ መጣለት፦ «አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ነው፣ ፕሬድኒሶሎን ጀምር!»

እኔን ያስደነገጠኝ ወረቀቱ ሳይሆን ምክሩ ነው።

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚቆጣበትና የሚቆስልበት፣ ሄድ መለስ እያለ ለዓመታት የሚዘልቅ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ማለትም በእናንተ ዕድሜ። ፒ-አንካ ደግሞ የሰውነት መከላከያ በራሱ ነጭ የደም ሴሎች ላይ የሚያመርተው አንቲቦዲ ነው። በሽታው ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚገኘው ከ50 እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። ስለዚህ «ኔጌቲቭ» ማለት ነፃ ነህ ማለት አይደለም። «ፖዘቲቭ»ም ብቻውን አያስተማምንም፤ ክሮንስ በሚባለው ሌላ የአንጀት በሽታና በአንዳንድ የጉበትና የሐሞት ቱቦ ሕመሞችም ይታያል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ትኩሳት ይዞት ሄዶ በዊዳል ምርመራ «ታይፎይድ አለብህ» ያልተባለ ማን አለ? ዊዳልም የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን አንቲቦዲውን ነው። አንቲቦዲ ግን ካለፈ ሕመምም፣ ከሌላ ተህዋስም ሊመጣ ይችላል። ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም።

እዚህ ላይ መሳሳት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። አሜባ የሚያቆስለው አንጀትና ኮላይቲስ በምልክታቸው መንታ ናቸው። ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ አሜባ ያለበት ሰው ከወሰደው አንጀቱ እስከ መበሳት፣ ሕይወቱም እስከ ማለፍ ሊደርስ ይችላል። በሌላ በኩል ኮላይቲስ ያለበትን ልጅ በአሜባ መድኃኒት ብቻ ማመላለስ ደሙንና አቅሙን ያስጨርሰዋል። ለዚያውም በተለመደው ማይክሮስኮፕ ጎጂው አሜባና ጉዳት የሌለው ዘመዱ አይለዩም።

ታዲያ የሚለየው ምንድን ነው? መጀመሪያ የሰገራ ምርመራ በደንብ ይሠራል። ከዚያ ኮሎኖስኮፒ ይከተላል፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ገብቶ አንጀቱን ያያል፣ ከቁስሉም ቁራጭ ናሙና ይወሰዳል። የፒ-አንካ ምርመራ የሚረዳው ከዚህ በኋላ ነው። ሐኪሙ ኮላይቲስ ይሁን ክሮንስ መለየት ሲያቅተው፣ አስካ ከሚባለው ሌላ አንቲቦዲ ጋር ጎን ለጎን ያየዋል። ፒ-አንካ ኖሮ አስካ ከሌለ ወደ ኮላይቲስ፣ ተቃራኒው ከሆነ ወደ ክሮንስ ያዘነብላል።

«ኮሎኖስኮፒ እኮ ውድ ነው፣ ሩቅም ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው። እንጭኒ ላሉ ሰዎች አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ራሱ ወጪ ነው። ግን ያለችው ገንዘብ ትንሽ ስትሆን ነው ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይበልጥ የሚያስፈልገው። ጤና ጣቢያዎቻችንም ቢሆኑ፣ አንድ ጊዜ በአግባቡ ታክሞ ያልቆመን ደም በዚያው መድኃኒት ለሦስተኛ ጊዜ ከመሸኘት ሪፈር መጻፍ አለባቸው።

ስልካችሁንም ተጠቀሙበት። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስቀምጣችሁ፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ መዝግቡ። የውጤት ወረቀቱን ፎቶ አንሱና ለግሩፕ ሳይሆን ለሐኪም አሳዩ። ደሙ ከበዛ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሆድ ከተነፋ ወይም ራስ ካዞረ ግን ምዝገባውን ትታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

የአክስቴ ልጅ ፕሬድኒሶሎኑን ሳይጀምር ኮሎኖስኮፒ ተሠራለት። አሜባ አልተገኘበትም፤ ናሙናውም ኮላይቲስ መሆኑን አሳየ። የግሩፑ ግምት ገጠመ ማለት ነው። ባይገጥምስ ኖሮ? አሁን ሐኪም ባዘዘለት ሰልፋሳላዚን ደሙ ቆሞ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ክትትሉ ግን ይቀጥላል።

ለካሜራው አክስቴ ሌላ ሁለት በግ ሸጣለች። እስከ ዛሬ የሚቆጫት ግን የመጀመሪያዎቹ ናቸው።