ስለ ታፈነ ኀዘን

በዚህ ገጽ በየወሩ ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ ስንነጋገር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጾምና ስለ በዓል ብዙ ብለናል። ዛሬ የምናነሣው ግን በየቤቱ በሹክሹክታ ካልሆነ በቀር የማይነገር ነገር ነው፤ ይኸውም ከቤተ ሰብ አንዱ በገዛ እጁ ሕይወቱን ሲያጠፋ በቀሩት ላይ የሚወድቀው ኀዘን ነው። በሟቹ ላይ ለመፍረድ አንጽፍም፤ የፍርድ ጌታ አንድ ነው። የምንጽፈው ስለ እናቱና ስለ አባቱ፣ ስለ ትዳር ጓደኛው፣ ይልቁንም ስለ ልጆቹ ነው።

ሕዝባችን ኀዘንተኛን ማጽናናት ያውቃል። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጐረቤት ንፍሮውንና እንጀራውን ይዞ ይመጣል፤ ዘመድ እስከ ሠልስት አብሮ ያድራል፤ ከዚያም ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባውና ሰማንያው እየተቈጠረ እስከ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ይህ ሁሉ ለኀዘንተኛው ምርኵዝ ነው። ሞቱ እንዲህ ያለ ሲሆን ግን ምርኵዙ ይሰበራል። ለቀስተኛው ይቀንሳል፤ የመጣውም ቢሆን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በማለት ፈንታ «ምን ሆኖ ነው? ምን ብላችሁት ነው? እንዴት ሳታውቁ ቀራችሁ?» እያለ ይመረምራል። ቤተ ሰቡም ከጥያቄው ለመሸሽ ሲል «በድንገተኛ ሕመም ሞተ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያን ቃል ለመጠበቅ በገዛ ቤቱ ውስጥ እንኳ አልቅሶ ለመናገር ይፈራል። እንዲህ የታፈነ ኀዘን ወደ ውስጥ እየቈሰለ ይሄዳል።

የዚህ ሽሽት አንዱ ምክንያት የሃይማኖት ፍርሃት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነች ሰው በገዛ እጁ ሊያጠፋት አይገባውም ብላ ታስተምራለች፤ ይህን ትምህርት ልናላላ አንነሣም። ነገር ግን ብዙዎች ያልሰሙት የአባቶች ቃል አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የተገኘው የእስክንድርያው 22ኛ ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስ፣ አእምሮውን የሳተ ሰው ራሱን ቢያጠፋ መሥዋዕት ይቀርብለት እንደ ሆነ ተጠይቆ ነበር። እርሱም ሰውየው በእውነት አእምሮውን ስቶ እንደ ነበረ ካህኑ በጥንቃቄ እንዲመረምር አዘዘ፤ ዘመዶች ለሟቹ ሲሉ እውነቱን ሊለውጡ እንደሚችሉም አልዘነጋም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አባቶች ከ1,600 ዓመት በፊት የአእምሮ ሕመም የሰውን ፈቃድ እንደሚነጥቅ ማወቃቸው ነው። ሁለተኛው፣ ምርመራው የተሰጠው ለካህኑ እንጂ ለጐረቤትና ለቡና ጉባኤ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ እውነቱን ሳይሸሽግ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ስለ ፍትሐቱና ስለ ተዝካሩ ቤተ ክርስቲያን ታስብበታለች። ለጐረቤት የቀረለት ሥራ ማጽናናት ብቻ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ዐይነት ይሞታሉ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ምክንያቱ አንድ ብቻ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ የመንፈስ ጭንቀት፣ መጠጥ፣ ሥር የሰደደ ሕመም፣ ድንገተኛ ችግር እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ። እንግዲህ «ያን ቀን ባልቈጣው ኖሮ» እያለች ራሷን የምትወቅስ እናት፣ አንድ ቃል ብቻውን ይህን ያህል ኀይል እንደሌለው ደጋግሞ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ኀዘን የደረሰበት ሰው ራሱ ለተመሳሳይ አደጋ የቀረበ መሆኑም ታውቋልና፣ ጕብኝታችን የይሉኝታ ጕዳይ ሳይሆን ነፍስ የማዳን ሥራ ነው።

ታዲያ እንዴት እናጽናና? የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ፤ መልካም ሠሩ። የበደሉት አፋቸውን ከፍተው ኀጢአቱን መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ነው። እኛም እንቀመጥ፤ እንዴት እንደ ሞተ አንጠይቅ። የሟቹን ስም እንጥራ፤ ደግነቱንና ጨዋታውን እናንሣ። «ተፈረደበት» አንበል፤ «ተገላገለ» ብለንም ሞቱን መፍትሔ አናስመስል። ከሠልስት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ተመልሰን እንሂድ፤ ገበያውን እንገብይላቸው፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት እናድርስላቸው።

ለልጆች ደግሞ እውነቱ በዕድሜያቸው ልክ ይነገራቸው። በመምህርነታችን እንደ ተመለከትነው፣ ከቤቱ የተሸሸገውን ነገር ከክፍል ጓደኛው አፍ የሰማ ልጅ ሁለት ጊዜ ያዝናል፤ አንድ ጊዜ ስለ ሞተው፣ አንድ ጊዜ ስለ ዋሹት። «አባባ አእምሮውን በጽኑ ታሞ ነበር፤ በሕመሙም ሞተ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» መባል ለአንድ ሕፃን ታላቅ ዕረፍት ነው። መምህሩም ልጁ ወደ ክፍል ከመመለሱ አስቀድሞ ሌሎቹን ተማሪዎች ይምከር።

ከኀዘንተኞቹ አንዱ ለብዙ ሳምንት እንቅልፍና ምግብ ቢከለከል ወይም «እኔም ልከተለው» ቢል፣ ብቻውን አይተው። ሞትን ያስብ እንደ ሆነ በግልጥና በፍቅር ይጠየቅ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያሳድርበትም። ሳይውል ሳያድር በአዲስ አበባ ቢሆን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል፣ በሌላ ስፍራ ቢሆን በአቅራቢያው ወዳለ ሐኪም ይወሰድ፤ ጠበሉና መድኀኒቱ አይጣሉም። ነቢዩ ኤልያስ በበረሃ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውሃ ላከለት፤ እንቅልፉንም አልከለከለውም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ጳጕሜን 5 ቀን ይህን ሞት ስለ መከላከል በዓለም ሁሉ የሚታሰብበት ዕለት ሆኗል። ለእኛ ዕለቱ የሚውለው ዘመን ሊለወጥ ሲል፣ በየቤቱ ለእንቍጣጣሽ ሽር ጕድ በሚባልበት ሰዓት ነው። በኀዘን ላይ ላለ ቤት ይህ ሰሞን ይከብዳል። አንባቢያችን ሆይ፣ በሠፈርህ እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር በዚያ ቀን ሂድና በሩን አንኳኳ፤ የሟቹን ስም ጠርተህ እናቱን «እንዴት ከረሙ?» በላት።