ጉዳዩ፦ ምዕራፍ አራትን ስለመጨረስ

እንጀራዬ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቤቲቱ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሲሞቅ ወረቀት የሚያኝክ ኮፒ ማሽንና አንድ አግዳሚ ወንበር አላት። አግዳሚው ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሰው ይደረደራል፦ ሊፋቱ የመጡ ባልና ሚስት (አንዳቸው በዚህ ጫፍ፣ አንዳቸው በዚያ)፣ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች፣ የሦስት ወር ደመወዝ የቀረበት ጥበቃ። ሁሉም ያወራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ችሎቱን ከላይ አስቀምጬ፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የክስ ምክንያት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት እያልኩ እወርድና በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አስረግጬ እዘጋለሁ። ይህችን ቁጥር ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ይመቷታል።

ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። እጽፋለሁ እላለሁ ማለት ይሻላል። ምዕራፍ አራት ላይ ከቆምኩ አስራ አንድ ወር ሆነኝ። ዋናዋ ገጸ ባሕሪዬ አባቷ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ ተወለደችበት ቤት የተመለሰች ሴት ናት፤ የበሩን እጀታ ይዛ ቆማለች፣ አልገባችም። ውሃ ልቀዳ ስወጣ አከራዬ ከበረንዳቸው ሆነው ይጠይቁኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺ ሴትዮ ገባች?»

«ገና ናት፣ እማማ።»

«ውይ! እግሯስ አይደክማትም?»

ይደክማታል። እኔንም ይደክመኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ነገር ሲጽፍ የዋለ እጅ ማታ የራሱን ነገር ጻፍ ሲባል ምን ቋንቋ ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው አይፍረድብኝ። አንድ ሌሊት በሞቀ ልብ የጻፍኩትን የፍቅር ንግግር ጠዋት ሳነበው ልጅቷ ፍቅረኛዋን «በመሆኑም» ስትለው አገኘኋት። ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ እሱም «ከላይ በተገለጸው ምክንያት» ይላታል። ሁለቱን ከማጋባት ማፋታቱ ይቀለኝ ነበር፤ ቅጹ ኮምፒውተሬ ላይ አለ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ያ ቁጥር 92 ያለበት የሥነ ሥርዓት ሕግና የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአንድ ዓመት፣ በ1958 ዓ.ም. ነው የወጡት። ሕጉ ሰውን ነገርህን ባጭሩ ተናገር ይለዋል፤ መጽሐፉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ይዞ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ይሄዳል፣ ጉዱ ካሳ ያሻውን ያህል ሲናገርም ማንም «ወደ ጉዳዩ ግባ» አይለውም። እኔ ቀን የአንደኛው አሽከር፣ ማታ የሌላው ደጅ ጠኚ ነኝ። ልብ ወለድ የሚለውን ስም ራሱ ያገኘነው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ነው፤ ልብ የወለደው። ልብ የወለደውን ደግሞ በቁጥር 92 ማረጋገጥ አይቻልም።

ሲጨንቀኝ ፊልም አያለሁ። ፍላሽ ላይ አስጭኜ፣ ያረጀች ላፕቶፔን ትራስ ላይ አስደግፌ። ፊልም ማየትም የደራሲ ሥራ ነው ብዬ ራሴን ካሳመንኩ ቆየሁ፤ ከሥራዬ ሁሉ የማልቀርበት እሱ ነው። ስለ ደራሲዎች የተሠሩትን በተለይ እያደንኩ አያለሁ፤ ታማሚ ሌላ ታማሚ እንደሚጠይቀው ማለት ነው፣ ምን ወሰድሽ፣ ምን ተሻለሽ ለማለት። ብዙዎቹ ዋሾዎች ናቸው። ፊልም ውስጥ ያለ ደራሲ ሲጨንቀው ወረቀት ጨምድዶ ይወረውራል፣ ቅርጫቱን ይስታል፣ በመስኮት ዝናብ ያያል፤ ከዚያ ሙዚቃ ይገባና ጣቶቹ ይሮጣሉ፣ መጽሐፉ መደብር መስኮት ላይ ተደርድሮ ይታያል። ሁሉም በሦስት ደቂቃ። እኔ ቤት ወረቀት አይጨመደድም፤ በዛሬ ዋጋ ማን ይጨመድዳል! ከሥራ ቦታ የተበላሸውን አመጣና ጀርባው ላይ አትማለሁ። ምዕራፍ ሁለቴ ግማሹ በሰው የፍቺ አቤቱታ ጀርባ ላይ ነው ያለው።

ስለ ጽሕፈት እውነቱን የተናገረው ፊልም ለእኔ የሚያስፈራው ነው። የስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ»፣ እ.ኤ.አ. 1980 የተሠራው። ሰውዬው ልጽፍ ብሎ ቤተሰቡን ይዞ ክረምቱን ሰው የሌለበት ሆቴል ውስጥ ይገባል፤ ታይፑ ሲንቋቋ እንሰማለን፣ እሰይ እየሠራ ነው እንላለን። ሚስቱ አንድ ቀን የወረቀቱን ክምር ስታገላብጥ ከላይ እስከ ታች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተደጋግማ ታገኛለች። ሰው በዚህ ትዕይንት ይደነግጣል፤ እኔ ግን አፈርኩ፣ የተያዝኩ መሰለኝ። የእኔም ምዕራፍ አራት አስራ ሰባት ዓይነት ጅምር አለው፣ ሁሉም «የበሩን እጀታ ይዛ» ብሎ ይጀምራል።

ሌላው የጂም ጃርሙሽ «ፓተርሰን» ነው፣ የ2016። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሥራ ሳይጀምር መሪው ላይ ሆኖ፣ በምሳ ሰዓቱ ደግሞ ፏፏቴ ዳር ተቀምጦ በትንሽ ደብተር ግጥም ይጽፋል። ማንም አያሳትምለትም፤ እሱም አይጠይቅም። ሚስቱ ቅጂ አስቀር እያለች ትለምነዋለች፣ እሺ ይላል፣ አያስቀርም። መጨረሻ ላይ ውሻቸው ደብተሩን ቦጫጭቆ ይጥለዋል። ምንም የማይሆንበት ፊልም ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ውሻው ከደብተሩ ጋር ብቻውን ቤት እንደቀረ ሳይ ተነስቼ ቆሜያለሁ።

ምክንያት ነበረኝ። የእኔ ውሻ ፎርማት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ቤት ውስጥ በፓወር ግዕዝ ጽፌያቸው ነበር፤ ላፕቶፑ ታመመና ጠጋኝ ዘንድ ሰጠሁት፣ ልጁም አጥቦ እንደ አዲስ አድርጎ መለሰልኝ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። አይዞሽ፣ ለጓደኛዬ በኢሜይል ልኬላታለሁ ብዬ በስልኬ ብከፍተው የላቲን ፊደል ከሥርዓተ ነጥብ ጋር የተጋጨበት የአደጋ ቦታ ነው ያየሁት። ጠጋኙ ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ የድሮው ፓወር ግዕዝ የአማርኛውን መልክ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የለበጠ ነው፣ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት ልባሱ ይወልቃል። ሦስት ወር የጻፍኩት ነገር ልብሱን አውልቆ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ ብቻ ነው የምጽፈው። የጠፋውንም ከፍቺዎቹ ጀርባ ላይ አንብቤ እንደገና ተየብኩት፤ የሰው ነገር መተየብ ለምጄ የለ፣ የራሴም የሰው መሰለኝ። ያኔ ነው ጉዱን ያየሁት።

ጓደኛዬ አንብባው «ፊልም እኮ ነው የሚመስለው!» ብላኝ ነበር። ለሳምንት ያህል በደስታ ተራመድኩ። ስተይበው ግን እውነትም ፊልም ነው። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሲጋራ ይለኩሳል፣ በሩ ይንኳኳል፣ ቁረጥ። ሌላ ቦታ፣ ሌሊት፣ ዝናብ፣ ቁረጥ። ምን እንዳሰበ፣ ያ ወንበር የማን እንደነበር የሚናገር የለም። ካሜራ የማያየውን እኔም አላየሁትም።

ይህን ከየት አመጣሁት? ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት የሚሄደው ወንድሜ ነበር፤ እኔ ሴት ነኝና አይፈቀድልኝም። እሱ ሲመለስ ፊልሙን ከነተኩሱ ይተርክልኛል። የሽዋዚንገርን «ኮማንዶ» ሁለት ምሽት ነው የወሰደብን፤ ፊልሙ ራሱ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አድጌ ሳየው ቅር አለኝ። ወንድሜ የጨመረው ሁሉ የለም! ወታደሩ ልጁን ሲፈልግ የሚያስበው፣ ከሚገደሉት ሰዎች አንዱ ቤቱ ስለምትጠብቀው እናቱ፣ የሚሳይሉ ዋጋ ሳይቀር። ከአንድ ጥይት ወደ ሌላው ጥይት እስኪደርስ ድረስ ሻይ ይፈላ ነበር። ልብ ወለድ የተማርኩት ከዚያ መሆን ሲገባው ከፊልሙ ተማርኩት።

የአገራችን ፊልም ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ አፍ ይበዛበታል። ብዙ ሰው እንደሚለው የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው፤ ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነው፣ መልስ ይፈልጋል። ተዋናዮቻችን ከመድረክ መጡ፣ ጆሯችን ከራዲዮ መጣ፤ ስለዚህ ያዘነ ሰው «አዝኛለሁ» ካላለ የማናምን ሆንን። ቅዳሜ ሲኒማ ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ታሪኩ አንድም ሳያመልጠኝ የወጣሁበት ጊዜ አለ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው ዓይኔን ያስከፈተኝ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቁን ሽልማት የወሰደው። አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ እናቱ መንደር ውስጥ ሲቀመጥ የሚናገረው ጥቂት፣ የምናየው ብዙ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ትንሽ ያስተምራል፣ ያን አልክድም። ግን ውሃውና ዝምታው ለዓመታት አብረውኝ ኖረዋል።

እንግዲህ ነገሩ ተለዋወጠ ማለት ነው። ፊልማችን ልብ ወለድ መሆን አምሮት ይተርካል፣ እኛ አዳዲሶቹ ጸሐፊዎች ፊልም መሆን አምሮን እንቆርጣለን። እማማ ይህን ከእኔ በፊት አውቀውት ነበር መሰለኝ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ መጣ ሲባል ጎረቤት ሁሉ ሲሰበሰብ እሳቸው ጥቂት አይተው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው ከሰሙት ሰዎች አንዷ ናቸው። «መጥፎ ሆኖ አይደለም» አሉኝ፣ «ግን ጉዱ ካሳን እኔ አውቀዋለሁ። ይሄ እሱ አይደለም።» የት እንዳዩት አልጠየቅኳቸውም።

ባለፈው ወር አንድ አዛውንት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የቤት ክርክር ነው፣ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንዱን ቀይሬዋለሁ።) «አባባ፣ የክስ ምክንያቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ጀመሩ። አባታቸው የቤቱን ቆርቆሮ ለመግዛት በቅሏቸውን የሸጡ ዕለት፣ በቅሎዋ ገዢውን አምልጣ በሌሊት ወደ ቤት ተመልሳ፣ በሩን በሰኮናዋ ስትደበድብ... ከኋላቸው አምስት ሰው ተሰልፏል። ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ይጮኻል።

«አባባ፣ እሱን ይተዉትና ምክንያቱን ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ ምክንያቱ እኮ እሱ ነው።»

አልሰማኋቸውም። በቅሎዋን ትቼ፣ ቦታው የት እንደሆነ፣ ስፋቱን፣ ካርታው በማን ስም እንደወጣ፣ ወንድምየው ከመቼ ጀምሮ እንደያዘው ጽፌ፣ በ92 ዘግቼ ሰጠኋቸው። ሁለት ገጽ። ንጹሕ ሥራ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጠሯቸውን ውለው ሲመለሱ ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡ። አቤቱታውን የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸዋል።

«ጥሩ ጽፈሽዋል» አሉኝ። «በቅሎዋ ግን የት ገባች?»

«አባባ፣ በቅሎዋ ለዳኛው አታስፈልግም።»

«ለዳኛው ብዬ መች ነገርኩሽ» አሉና ኮፒያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ።

የዚያን ዕለት ማታ ፊልም አላየሁም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» ፍላሽ ላይ አስጭኜ ነበር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ላየው። ፊልሙ የችሎት ፊልም ነው፣ እኔ ግን ደጋግሜ የማየው ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር የተሰበሰቡበትን ነው፤ የሚሉት አንጀት ያሳርራል፣ ግን እያንዳንዱ እስኪጨርስ ይጠበቃል። አልከፈትኩትም። ምዕራፍ አራትን ከፈትኩና አስራ ሰባቱን ጅምር አልፌ ሴትዮዋን እዚያው በቆመችበት ተውኳት። የጻፍኩት ስለ በሩ ነው። ላዩ ላይ ስለተመታው ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው በምን ገንዘብ እንደተገዛ፣ ታች ጥጉ ላይ ስላለችው የሰኮና ስርጉድ። አራት ገጽ ሆነ፤ አንድም «በመሆኑም» የለበትም፣ ፈትሼዋለሁ።

ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ እማማ በረንዳቸው ላይ ነበሩ።

«ገባች?»

«አልገባችም። ግን አባቷ በቅሎ ነበራቸው፣ ሸጠዋት ነበር።»

እማማ ጀበናውን አስቀመጡ።

«በስንት ሸጧት?»