የጎደለው እንጀራ የት ገባ?

ልጆች፣ እስቲ ዛሬ ከመሶቡ እንጀምር። መጀመሪያ የተጋገረው እንጀራ ከሥር፣ የመጨረሻው ከላይ ነው፣ አይደል? ከላይ ሦስቱን በልታችሁ ማታ ትኩስ ቢደረብበት፣ የጠዋቱና የማታው ይነባበራሉ። በመሐል ሦስት እንጀራ እንደነበረ ማን ያውቃል? የድንጋይ ንብርብርም እንደዚሁ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ራንድል ከቤታችን ሥር 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የአሸዋ ድንጋይ አለ። በ1911 የተመረቀው የካልጋሪ አሮጌው ማዘጋጃ ቤት የተሠራው በዚህ ዓይነት ድንጋይ ነው። በላዩ ያለው ጭቃና ጠጠር ግን የበረዶ ዘመን ነው፤ ዕድሜው በሺዎች ይቆጠራል። የመሐሉን ወንዝና የበረዶ ግግር ቀስ እያሉ ጠርገውታል።

ክፍተት ሁሉ ግን ቀስ ብሎ አይመጣም። ባሕር ሥርም ናዳ አለ። ገደል አፋፍ ላይ የተከመረ ደለል፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ ወይም ክብደቱ ሲበዛ ይናዳል። ኖቬምበር 18 ቀን 1929 ከኒውፋውንድላንድ በስተደቡብ የሆነው ይኸው ነው። ናዳው 12 የቴሌግራፍ ገመዶች በጠሰ፤ የተነሣው ማዕበል ከ25 በላይ ሰዎች ገደለ።

ናዳ ከላይ ክፍተት፣ ከታች የፍርስራሽ ክምር ይተዋል። ክምሩ ልክ እንደ መሶቡ ፍርፋሪ ነው፤ ቀይ ጤፍ ከሆነ የተበላውም ቀይ እንደነበር ይነግራችኋል። በፍርስራሹ ድንጋዮች ውስጥ ያለው ቅሪተ አካል የጎደለውን ንብርብር ዕድሜ ይጠቁማል። ክምሩን ያለበሰው ደለል ደግሞ ናዳው ከዚያ በፊት እንደወረደ ያሳያል።

ከባንፍ ወደ ምዕራብ፣ ዮሆ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በርጀስ ሼል የሚባል ቦታ አለ። ቻርልስ ዋልኮት በ1909 ያገኘው ነው። የዛሬ 508 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በባሕር ሥር ገደል ግርጌ የወረደ ጭቃ እንስሳትን ቀብሮ፣ ለስላሳ አካላቸውን ሳይቀር አቆይቶልናል። ገደሉ ራሱ ከዚያ በፊት የሆነ ትልቅ ናዳ ጠባሳ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

ወላጆች፣ ወደ ባንፍ ስትሄዱ የሰፈራችንን ስም የሚጋራውን ራንድል ተራራ ለልጆቻችሁ አሳዩዋቸው። ንብርብሮቹን ይቁጠሩ። ከዚያ «በዚህኛውና በዚያኛው መሐል የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ባታውቁትም ግድ የለም፤ ሁለት ድንጋይ ስለተነካካ ብቻ በመሐል ምንም አልሆነም እንዳይሉ ይበቃል። ከፓርኩ ድንጋይ ማንሣት ግን ክልክል ነው፤ ፎቶ አንሡ!